ድጋፍ በልመና እንዳይገኝ

ውድ ጠያቂያችን፣

በመምህርነት ሥራዎ ላይ ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ የፋኩልቲው የተማሪዎች ደኅንነትና አካታችነት አስተባባሪ ሆነው መመደብዎን፣ ለዚህም በጀትም ሆነ ረዳት እንዳልተሰጠዎት ጽፈውልኛል። የመክፈቻ ዝግጅት አካሂደዋል፣ ፖስተር አሰቅለዋል፣ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አስቀምጠዋል፤ ሳጥኑ ግን እስካሁን ባዶ ነው። በዚሁ መካከል አንዲት ዓይነ ስውር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትምህርቷን አቋርጣ ሄዳለች፤ እርስዎም ይህን ያወቁት ሬጅስትራር ከላከው ዝርዝር ላይ ስሟን ባጡ ጊዜ ነው። ከየት ልጀምር፣ «ለአንዱ ከፈቀድን ለሁሉም ልንፈቅድ ነው፤ ደረጃችን ይወርዳል» ለሚሉ ባልደረቦቼ ምን ልመልስ፣ በሌሊት እየደወሉ የሚያለቅሱ ተማሪዎችንስ እንዴት ልርዳ ብለው ጠይቀዋል።

ከደብዳቤዎ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ስለዚያች ተማሪ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ብትጠይቀን ኖሮ እኮ እንረዳት ነበር።» በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከጥቂት መስመሮች በኋላ፣ ተማሪዋ ስላይድ አስቀድሞ እንዲላክላት ለመጠየቅ አንድ ባልደረባዎ ቢሮ ደጋግማ ትመጣ እንደነበር ራስዎ ጠቅሰዋል። እንግዲህ ጠይቃ ነበር ማለት ነው። ልመናዋ የደረሰው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ እርሱም ሲያስታውስ ይልክላታል፣ ሲረሳ ይቀራል፤ ከእርሱ ሌላም የሚያውቅ የለም።

እንዲህ ያለች ተማሪ በሴሚስተር ስድስት ኮርስ ትወስዳለች እንበል። ስድስት ኮርስ ማለት ስድስት ቢሮ ነው። በየበሩ ቆማ ተራ ትጠብቃለች፤ ገብታም ለማታውቀው ሰው ስለ ዓይኗ ታስረዳለች፤ ሃንድአውቱ በሶፍት ኮፒ እንዲሰጣት፣ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ድምፅ እየወጣ እንዲነበብ፣ ለፈተና አንባቢ እንዲመደብላትና ሰዓት እንዲጨመርላት ትጠይቃለች። አንዱ መምህር ወዲያው ይስማማል፤ ሁለተኛው «ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ አምጪ» ይላታል፤ ሦስተኛው «ፈተናው ሲቃረብ አስታውሺኝ» ይላታል፤ አራተኛው ቢሮው ውስጥ አይገኝም። ደብዳቤውን ልታወጣ ስትሄድ የሕክምና ማስረጃ ትጠየቃለች፤ አምና ያስገባችው ማስረጃ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ኩዊዝ፣ ሚድና ፋይናል በመጣ ቁጥር ነገሩ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሴሚስተሩ ሲለወጥ ደግሞ መምህራኑም ይለወጣሉና ሁሉም ከዜሮ ይነሣል። ይህን ሁሉ የምትሮጠው የክፍል ጓደኞቿ በሚያጠኑበት ሰዓት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በሰው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ተማሪ ቅር መሰኘቱን እንኳ ማሳየት አለመቻሉ ነው፤ ዛሬ ያስቀየመው መምህር ነገ ፈታኙ ሊሆን ይችላልና። የሳጥንዎም ባዶነት ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ በችሮታ የሚማር ሰው ቅሬታ አይጽፍም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው። ማንኛውም ተማሪ የሚያስፈልገውን አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ሁለተኛ ለመናገር እንዳይገደድ የሚያደርግ አሠራር ያቁሙ፤ ዝግጅቱም ሥልጠናውም ፖስተሩም ከዚያ በኋላ ይድረሱ። እግረ መንገድዎን ለሄደችው ተማሪ ይደውሉላት ወይም ይጻፉላት። እንድትመለስ ለመጎትጎት አይሁን፤ ምን ጠይቃ ምን እንደተመለሰላት ለመስማት፣ መመለስ ብትፈልግም ማመልከቻው እስከ መቼ እንደሚቀርብና ማንን ማነጋገር እንዳለባት በግልጽ ለመንገር ይሁን። መናገር ካልፈለገች አያስጨንቋት።

አሠራሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በምዝገባ ወቅት ሁሉም ተማሪ የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጁ፤ ጥያቄውም «ለመማርና ለመፈተን ምን ያስፈልግሃል?» የሚል ይሁን። ለሁሉም መሰጠቱ ቁም ነገር አለው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የማንበብ እክል ያለበት፣ በድብርት ምክንያት ሕክምና ላይ ያለ፣ አንድ ጆሮዋ የማይሰማ ተማሪ ከሰው ተለይተው የሚሰለፉበት መስኮት አይኖርም። ማስረጃ የግድ ካስፈለገ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ ይግባ፤ የማይለወጥ ጉዳት ያለበትን ሰው በየዓመቱ ማስረጃ አድስ ማለት ሰውን በከንቱ ማንገላታት ነው። ከዚያም በተማሪው ፈቃድ ለየመምህሩ ማስታወሻ ይላካል፤ ማስታወሻውም የበሽታውን ስም ትቶ የሚደረገውን ብቻ ይናገራል፦ «ይህች ተማሪ ሃንድአውት ከክፍሉ 1 ቀን በፊት በሶፍት ኮፒ ይደርሳታል፤ በማናቸውም ፈተና 25 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት አላት፤ የመፈተኛ ክፍሉን የሚያዘጋጀው የፋኩልቲው ጽሕፈት ቤት ነው።» ተማሪዋ ለአዲስ ሴሚስተር ስትመዘገብ ማስታወሻው ያለ ሌላ ማመልከቻ ለአዲሶቹ መምህራን ይሂድ። መምህሩ እስከ መጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ መቀበሉን ያረጋግጥ፤ ዝም ካለ የሚጠይቁት እርስዎ ይሁኑ፣ ተማሪዋ አትሁን።

ለአንድ ሰው የተደረገ ልዩ ፈቃድ እንዴት ወደ ቋሚ አገልግሎት እንደሚለወጥ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ወጣት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለመተንፈስ የሚጠቀምበትን «የብረት ሳንባ» የተባለ ግዙፍ መሣሪያ ሊሸከም የሚችል የተማሪዎች መኖሪያ አልነበረም፤ በግቢው ሐኪም ቤት ውስጥ ክፍል ተሰጠው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎችም ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች መጥተው በዚያው ሲኖሩ፣ በየግላቸው ከመለመን ይልቅ አንድ ላይ ሆነው መጠየቅ ጀመሩ፤ በ1970 አካባቢም ረዳት ሠራተኛ የሚያገናኝ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠግን፣ በዋናነትም በራሳቸው በአካል ጉዳተኞቹ የሚመራ የድጋፍ ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ተማሪ «እኔን የት ታሳድሩኛላችሁ?» ብሎ መጀመር አላስፈለገውም። የእርስዎም ፋኩልቲ ከዚያች ተማሪ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ ማሰብ ያለበት እንዲህ ነው።

ሶፍት ኮፒ ስንል አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብዙ መምህራን በዚህ ይሳሳታሉ። ከመጽሐፍ ላይ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወይም ስካን ተደርጎ የሚላክ ገጽ ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ይመስላል፤ በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነብ «ስክሪን አንባቢ» ሶፍትዌር ግን ሥዕል ነው፤ ሶፍትዌሩም ዝም ይላል ወይም የማይረባ ድምፅ ያሰማል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ፋይሉን ከፍተው አንድ ቃል በማውዝ ለመምረጥ ይሞክሩ፤ ቃሉ ካልተመረጠ ተማሪዋም አታነበውም። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ ለመጫን ፈቃድ እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ይሁንና በተማሪዎችዎ ቋንቋ ማንበቡን አስቀድመው ማየት አለብዎት። «የቅጂ መብት ይከለክለናል» የሚል የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ካጋጠመዎት እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውንና በ2016 ሥራ ላይ የዋለውን የማራኬሽ ስምምነት ያሳዩት፤ ስምምነቱን ባጸደቁ አገሮች ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀት የባለመብቱን ፈቃድ አይጠይቅም።

እስካሁን ስለ አካል ጉዳተኝነት ብቻ የተናገርሁ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ያው የመለመን ሸክም በሌሎችም ጀርባ ላይ አለ። ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መምህርን ቢሮ ሄዶ ማነጋገር እንደሚፈቀድ፣ የፈተና ወረቀት እንደገና እንዲታይለት ማመልከት እንደሚችል የነገረው ሰው የለም፤ ሌላው ከወንድሙ ወይም ከእናቱ የሰማውን እርሱ በጥፋት ይማረዋል። የማስተማሪያው ቋንቋ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ፣ ልጅ የምታሳድግ ተማሪ፣ ከብዙኃኑ የተለየ ሃይማኖት ወይም ማንነት ያለው ተማሪ፣ ለኮርሱ የሚያስፈልገውን ላፕቶፕ መግዛት ያቃተው ተማሪ ሁሉ ዝም ብለው ወደ ኋላ ይቀራሉ። የትምህርት ሶሲዮሎጂ ምሁሩ ቪንሰንት ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ታዋቂ ሐሳብ፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በአብዛኛው ከተቋሙ የትምህርትና የማኅበራዊ ሕይወት ጋር ሳይተሳሰር ሲቀር መሆኑን አስረድቷል።

እዚህ ላይ ስለ ፖስተሮችዎ በግልጽ ልናገር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች «እዚህ ቦታ የሚገባኝ ሰው ነኝ ወይ?» የሚለው ሥጋት የብዙዎች መሆኑንና ከጊዜ ጋር እንደሚቀል ከነባር ተማሪዎች ምስክርነት በአንድ ሰዓት ገደማ ሥራ እንዲረዱ ሲደረግ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውጤት በተከታዮቹ 3 ዓመታት መሻሻሉን አሳይተዋል። ይህን የሰሙ ብዙ አስተባባሪዎች መልካም ቃል ብቻውን የሚበቃ መሰላቸው። ይሁን እንጂ ዋልተንና ባልደረቦቹ በ22 ተቋማት ከ26,000 በላይ ተማሪዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ መልእክቱ የሠራው ተማሪዎቹ በእርግጥ የመካተት ዕድል ባገኙበት ግቢ ነው። ዕድሉ በሌለበት ቦታ «የእኛ ነሽ» የሚል ጽሑፍ ለተማሪዋ ምንም አልፈየደላትም። ፖስተሮችዎን ያንሡ አልልም፤ የሚናገሩት ነገር እውነት እንዲሆን መሥራት ግን ይቀድማል።

ከዚህ አንጻር እኔ በጣም የምመክርዎት ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ እርሷም የቡድን ሥራ ነው። መምህሩ «አምስት አምስት ሆናችሁ ቡድን ፍጠሩ» ብሎ ሲወጣ ክፍሉ በአንድ ደቂቃ ይቧደናል፤ ጓደኛ ያለው ከጓደኛው፣ የአንድ አካባቢ ልጅ ከአካባቢው ልጅ፣ ጎበዝ ከጎበዝ ይያያዛል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚቀሩ ሦስት አራት ተማሪዎች አሉ፤ የተረፉትም መሆናቸውን ክፍሉ ሁሉ ያያል። መምህሩ ራሱ ቡድኑን ቢደለድል፣ ከፍሬሽማን ሴሚስተር ጀምሮም ሁሉም ኮርስ እንዲህ ቢያደርግ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ብዙ ብቸኝነት ይቀራል። ከዚህ ሌላ የመጀመሪያው የሚታረም ሥራ እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ እንዲሰጥ ያስማሙ፤ ያላስረከበ ወይም ከክፍል የጠፋ ተማሪ በቶሎ ይታወቃል፤ የሚላክለትም መልእክት «ሁለት ክፍል አላየንህም፤ ደኅና ነህ ወይ?» የሚል ይሁን እንጂ የቅጣት ማስጠንቀቂያ አይሁን። ኮርሱ የሚጠይቀው የኅትመት፣ የጉዞና የመሣሪያ ወጪም በኮርስ አውትላይኑ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ወደ ባልደረቦችዎ ልመለስ። ደረጃ ይወርዳል የሚለው ሥጋት በቁጣ ሊመለስ አይገባውም፤ በውስጡ ትክክለኛ ጥያቄ አለና። መልሱ የሚጀምረው ፈተናው ምን እንደሚለካ በመጠየቅ ነው። የስታቲስቲክስ ፈተና የሚለካው መረጃን የመተንተን ችሎታ ከሆነ፣ የእጅ ጽሑፍ ፍጥነት የፈተናው አካል አይደለም፤ ስለዚህ የ3 ሰዓት ፈተና ለአንዲት ተማሪ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቢሆን የሚለካው ነገር ሳይነካ ይቀራል። ጥያቄው ያው ነው፣ እርማቱ ያው ነው፣ ማለፊያውም ያው ነው። ፍጥነት ወይም የእጅ ቅልጥፍና ራሱ የሙያው መመዘኛ የሆነበት ኮርስ ሲያጋጥም ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ተወያይቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ያን ጊዜ እምቢታውም የአንድ ሰው ስሜት አይሆንም። ለሁሉም ልንፈቅድ ነው ለሚሉትም፣ ለሁሉም የሚጠቅም ከሆነ ለሁሉም ይደረግ ብለው ይመልሱ፤ ስላይድ ከቀኑ በፊት መላክ ማንንም አይጎዳም፤ ግማሹ ክፍል ሳይጨርስ የሚወጣበት ፈተናም መጀመሪያውኑ ረዝሟል።

ሕጉንም ይወቁት፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አይምዘዙት። እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 ላይ ከፍተኛ ትምህርት ያለ አድልዎ ተደራሽ እንዲሆንና ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ለግለሰቡ ፍላጎት የሚስማማ ማስተካከያ፣ እንዲደረግ ያዛል፤ በአንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መንፈግ ራሱ አድልዎ መሆኑን ይደነግጋል። ለባልደረባዎ ግን ይበልጥ የሚገባው ሥራው እንደማይበዛበት ማየቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተቃውሞው በስተጀርባ ያለው ድካም ነውና። ማስታወሻውን ጽፈው፣ የመፈተኛ ክፍሉን አዘጋጅተው፣ ከእርሱ የሚጠበቀው ፋይል መላክ ብቻ መሆኑን ያሳዩት። ፈቃደኛ ከሆኑ ሦስት አራት መምህራን ጋር አንድ ሴሚስተር ይሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ ወደ አካዳሚክ ኮሚሽኑ ወስደው ውሳኔ ያሰጡበት፤ በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ነገር እርስዎ ከቦታው ሲነሡ አብሮ ይነሣል።

ይህን ሁሉ ሲያቅዱ ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይኑሩበት፤ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ ድምፅም ይኑራቸው። አንድ ብቻ ከሆነ ስለ ሁሉም እንዲመሰክር ይጫንበታል፤ ይህም ሌላ ሸክም ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የቆመ ሆኖ ሳለ እስከ 1988 ድረስ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ኖሮት አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት ቦርዱ እንደገና የምትሰማ ሰው ሲሾም ተማሪዎቹ ግቢውን ዘጉ፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥም አይ ኪንግ ጆርዳን የመጀመሪያው መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ሆነ። ተማሪዎቹ ከሹመቱ በተጨማሪ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በቦርዱ ውስጥ አብላጫ እንዲሆኑ መጠየቃቸው፣ ውሳኔ የት እንደሚሰጥ በሚገባ ማወቃቸውን ያሳያል።

ስለ ሌሊት ስልክ ጥሪዎች የጻፉትን ሳነብ አዘንሁልዎት፤ ተማሪዎቹ እርስዎን ማመናቸው መልካም ሆኖ፣ ሸክሙ ግን የአንድ ሰው አይደለም። ተማሪ ሲያለቅስ መጀመሪያ ይስሙት፤ ምክር ለመስጠት አይቸኩሉ። ሕይወቱን ለማጥፋት እያሰበ ነው ብለው ከሠጉ በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብዙዎች ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣበታል ብለው ይፈራሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር፣ እንዲያውም ጭንቀትን እንደሚያቀል ያስረዳል። አዎን ካለ ብቻውን አይተዉት፤ አንድ ሰው አብሮት እንዲሆን ያድርጉ፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ እንዲርቅ ያድርጉ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይደውሉ። ለማንም አልናገርም ብለው ቃል አይግቡ፤ «ሕይወትህን ለማዳን ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ እናገራለሁ» ይበሉት። ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ስትመጣ ደግሞ መርማሪ አይሁኑ፤ ዝርዝሩን ደጋግመው አያስነግሯት፤ ያሏትን አማራጮች ነግረዋት ውሳኔውን ለእርሷ ይተዉላት፤ ሕክምናና ማስረጃ ጊዜ የማይሰጡ መሆናቸውን ግን ያስታውሷት።

ተማሪን ወደ አማካሪ ሲልኩ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ማሰናበት ብዙ ጊዜ ውጤት የለውም። አብረውት እስከ በሩ ይሂዱ፣ ከአማካሪዋ ጋር ያስተዋውቁት፣ ከሳምንት በኋላም «ሄድህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። ስልክዎን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያነሡ፣ ከዚያ በኋላ ወደ የትኛው የድንገተኛ ቁጥር እንደሚደወል በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቁጥሩ በእርግጥ የሚነሣ መሆኑን ግን አስቀድመው በሌሊት ደውለው ያረጋግጡ።

በመጨረሻ ለዲንዎ ደብዳቤ ይጻፉ። የማስተማር ጫናዎ በአንድ ኮርስ እንዲቀነስ፣ ለቅጹና ለማስታወሻዎቹ የጽሕፈት ቤቱ አንድ ሠራተኛ በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት እንዲመደብ፣ እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ የሚተካ ሰው በስም እንዲወሰን ይጠይቁ፤ በደብዳቤውም ላይ በዚህ ሴሚስተር ምን ያህል ተማሪ ድጋፍ እንደጠየቀና ለስንቱ እንደተመለሰለት ስም ሳይጠቅሱ ያስፍሩ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣም ቅጂውን ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ያድርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ አዘጋጅ